ካሮቱ ብቻ አይበቃም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ሊቀ መንበራችን በቪክቶሪያ ወዳለው የግራምፒያንስ ተራራ ስለምናደርገው ጉዞ «አጠር አድርገህ ንገራቸው» ብለውኛል። የአውቶቡሱንና የምሳውን ነገር እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ የቆምኩት ስለ ተራራው ባለቤት፣ ትንሽ ካንጋሩ ስለሚመስለው ስለ ዐለት ዋላቢ ልናገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ አገር ሆነን ሌላ ምን እናደርጋለን!

ብዙዎቻችን ይህን እንስሳ የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ጥር 2020 ላይ የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ስትነድ፣ መንግሥት በሄሊኮፕተር ካሮትና ስኳር ድንች አወረደለት፤ ከ2,000 ኪሎ በላይ። ዓለም አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሥራው ልክ ነበር፤ ከእሳቱ የተረፈው ዋላቢ የሚግጠው ሣር ተቃጥሎበት በረሃብ ሊያልቅ ነበር።

ግን ዘሩን ለመጥፋት ያበቃው እሳት ነው እንዴ? መጀመሪያ የጨረሰው ሰው ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት ከ1884 እስከ 1914 ድረስ ዋላቢ ለገደለ ገንዘብ ይከፈለው ነበር፤ የተከፈለበት ዋላቢ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣል። ቀጥሎ ቀበሮ መጣ። የባሌውን ቀይ ቀበሮ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ምስኪን የራሱ መከራ አለበት። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፈረስ እያሳደዱ ሊዝናኑበት ያመጡትን ነው የምላችሁ።

ዋላቢውን በመጠለያ ውስጥ ቀርቤ አይቼዋለሁ። ውስጥ እግሩ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ ዳር ዳሩን ጠንካራ ፀጉር ከቦታል። በረጅም ጅራቱ ሚዛኑን እየጠበቀ እኛ ቀና ብለን ለማየት የምንፈራውን ገደል ሽቅብ ይዘለዋል። ዳዊት ዐለትን የሽኮኮ መሸሸጊያ ይለዋል። ለዚህኛው ግን ዐለቱ አላስጣለውም፤ ሊግጥ ሲወርድ ቀበሮ ታች ይጠብቀዋል።

ጥፋቱ የቀበሮ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ኒውዚላንድ ይሂድ! የዚያች አገር ገዥ የነበረው ጆርጅ ግሬይ በ1870 ገደማ ይህንኑ እንስሳ ካዋው ደሴት ላይ ለቀቀው። እዚያ ቀበሮ የለም። ምን ሆነ? ተራባ፣ ተራባ፣ ደሴቲቱን እየጋጠ አስቸገረና ተባይ ተባለ! እዚህ ዘሩ ሊጠፋ የደረሰ እንስሳ እዚያ ተባይ ነው። በ2003 ከዚያ ወደ አውስትራሊያ የተመለሱም አሉ። እኛ የምንሄድበት ግራምፒያንስ ላይ ግን ጨርሶ ጠፍቶ፣ ከ2008 ጀምሮ በመጠለያ ያደጉት ተለቀቁ፤ አብዛኞቹ ሞቱ።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ለሄሊኮፕተሩ ካሜራ ሁሉ ተሰለፈ። ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል ለቀበሮ መርዝ ያለበት ሥጋ ሲቀብር የሚውለውን የፓርክ ሠራተኛ ማን ፎቶ አነሳው? በጀት ሲቀነስ ማን ጮኸለት? ማንም!

እኛስ? ባለፈው ሽርሽራችን የዶሮ አጥንትና የጥብስ ትራፊ ዛፍ ሥር ተጥሎ አገኘሁ። «አፈር ይበላዋል» ያላችሁኝ ታላላቆቼ፣ አክብሬ ነው የምናገረው፦ አፈር አይደለም የሚበላው፣ ቀበሮ ነው! በገዛ እጃችን ድግስ ጠርተነዋል። ይህ ዘንድሮ አይደገምም።

ውሻ ያላችሁ ቤት ተዉት፤ ብሔራዊ ፓርኩ አያስገባም። ልጆች ዋላቢ ቢያዩ ብስኩት አይወርውሩ። የቆሻሻ ከረጢቱን እኔ አመጣለሁ፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ተፈትሾ፣ አጥንት አለመቅረቱ ሲረጋገጥ ነው።

አመሰግናለሁ።