ዕጢው ደሙን ከየት ያገኛል?

ከባሕር ዳር በተላለፈው የጤና ፕሮግራማችን አንድ የካንሰር ሐኪም ለአድማጮች ከሰጡት መልስ የተወሰደ።

ከሽምብጥ የደወሉ እናት፦ ዶክተር፣ እህቴ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረቻት። ዝም ብላ ኖራ ዘንድሮ ድንገት አደገች። ምን አግኝታ ነው?

መልስ፦ ደም አግኝታ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። ካንሰር ከሆነችማ፣ ሽምብራ ሳታክል ገና የራሷን ደም ሥር ማብቀል ጀምራለች። ደም ሥር የሌለው ዕጢ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። መሃል ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን አጥሯቸው ይታፈናሉ። ሲታፈኑ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ አጠገባቸው ያለው ጤነኛ ደም ሥር ይህ ሲደርሰው ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ዕጢው ያድጋል። ቁስል ሲሽርም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቁስሉ ግን ሲድን ያቆማል።

ነገሩን በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ነው፤ ብዙ ባልደረቦቹ አላመኑትም። በሙከራው በጥንቸል ዓይን ፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ ዕጢ ከ1 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ ቆየ፤ አይሪሱን፣ ማለትም ባለቀለሙን የዓይን ክፍል፣ ነክቶ ደም ሥር ሲያገኝ ግን በቀናት ውስጥ ገነፈለ። ለእኔ ከመጽሐፍ ሁሉ በላይ ያስረዳኝ ይህ ሙከራ ነው። እህትዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ከፎገራ፣ ወጣት፦ አባቴ አንገታቸው ላይ እብጠት አለ። «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብለው ናሙና አላስወስድም አሉ።

መልስ፦ ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ዕጢው ያበቀለው ደም ሥር በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ያፈሳል፤ ሕዋሳቱ ብረት ሳይነካቸውም በዚያ ሾልከው ከደም ጋር ይሄዳሉ። እንቦጭን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፦ ነፋስ ጣናን ሙሉ ያንሳፍፈዋል፣ የሚንሰራፋው ግን እንደናንተ ባለው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ደም ውስጥ ከገቡት የካንሰር ሕዋሳትም አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የተመቻቸው ጥቂቶች ሥር ይሰዳሉ። የአንጀት ካንሰር ጉበት ላይ የሚበዛው የአንጀት ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ ነው። በናሙና መርፌ ምክንያት መዛመት እጅግ ብርቅ ነው። አባትህ ያዩት ምናልባት ዘግይተው የታከሙትን ይሆናል፤ ቀድሞ የተሰራጨው በሽታ በቢላ ተሳበበ።

በአጭር መልእክት የደረሰን፦ ታዲያ ደም ሥሩን መዝጋት አይቻልም?

መልስ፦ ተሞክሯል። ቪኢጂኤፍን ይዞ ሥራውን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ተፈቅዷል። ዕጢውን አስርቦ ይገድለዋል ተብሎ የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞቴራፒ ጋር ነው የሚሰጠው። ደም ግፊት ይጨምራል፤ ቁስልም እንዳይሽር ስለሚያደርግ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ለሳምንታት ይቋረጣል።