ተውኔቱን የደረሱት ልጆቹ ናቸው

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ሻሎም! ከሥራ ደክማችሁ ወጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ከእስራኤል በየዓመቱ ወደ አሜሪካ የአይሁድ ልጆች የዕረፍት ጊዜ ካምፖች የሚላኩ ወጣቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሄጄ ራማ ከሚባሉት ካምፖች በአንዱ ድራማ አስተምሬአለሁ። እዚያ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ በአፋቸው የማይናገሩ ልጆች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ካምፕ ይኖራሉ፤ ሰንበትንም አብረው ይቀበላሉ። ፕሮግራሙ ቲክቫ ይባላል።

ቲክቫ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ነው። ሄርብና ባርባራ ግሪንበርግ የተባሉ መምህራን፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሐሳቡን ሲያመጡ ብዙ ሰው ፈራ። ካምፑ ይታወካል፣ ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ ተባለ። በኒውዮርክ ግዛት፣ ግሌን ስፔይ የነበረው የራማ ካምፕ ግን ተቀበላቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ሁሉ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1975 ነው። እነዚህ ሰዎች ሕግ እስኪያዛቸው አልጠበቁም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። በራማ ካምፖች በዕብራይስጥ ተውኔት ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ያለቀ ጽሑፍ አምጥቶ ለየልጁ አንዳንድ መስመር ማደል ይቻላል፤ ቀላል ነው። ልጁ ያልገባውን ይሸመድዳል፣ ሲረሳው ደግሞ በሰው ፊት ያፍራል። እኛ ባዶ ወረቀት ይዘን ገባን። ልጆቹ ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ መረጡ። «ቀጥሎስ?» እያልን ጠየቅን። የሚናገረው ነገረን፤ የማይናገረው ሥዕል ካለባቸው ካርዶች አንዱን እየነካ አሳየን። የመጣውን ሁሉ ጻፍን።

ከአውቶቡስ ሌላ ወሬ የማይወድ ልጅ ነበር። እስራኤላውያን ከግብፅ የሚወጡት በአውቶቡስ ነው አለ፤ ሹፌሩም እሱ ነው። ከመሪዎቹ አንዷ በሙሴ ዘመን አውቶቡስ እንዳልነበረ ልታስረዳው ስትጀምር ልጆቹ ቀደሟት። አንዷ ትኬት ቆራጭ ሆነች፣ ሌላው ፈርዖን ሆኖ መንገዱን ዘጋ። ሹፌሩ ሊነሳ ሲል ዞር ብሎ ተሳፋሪውን በየስሙ ጠራና «ሁሉም ካልገባ አልነዳም» አለ። ማንም አላስጠናውም። ከግብፅ ስለ መውጣት ብዙ ተውኔት አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ቃል ግን አልሰማሁም።

ሙሴን የተጫወተችው በአፏ የማትናገር ልጅ ናት። ቄሶቻችን ኦሪቱን ያውቁታል። ሙሴ አፈ ኮልታፋ ነኝ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ምላሱን አልፈታለትም፤ ወንድሙን አሮንን ሰጠው። እኛም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። አንድ ጓደኛዋ «ሕዝቤን ልቀቅ!» ብሎ ድምፁን በመቅረጫ ላይ ቀዳላት፤ ትልቁን ቁልፍ ስትጫነው ድምፁ ይወጣል። መቼ እንደምትጫነው የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት። በትዕይንቱ ማታ ፈርዖንን ዝም ብላ ትኩር ብላ አየችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ተጫነችው፤ ደግማም ተጫነችው፤ ፈርዖን መንገዱን እስኪለቅ ድረስ አላቆመችም። ልምምድ ላይ አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ የራሷ ፈጠራ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዝግጅት አይሆንም። ልምምዱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ነው። ምን ከምን እንደሚቀጥል በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የመድረኩን መብራት ገና ከጅምሩ ይለምዱታል። ጭብጨባ የሚያስጨንቀው ልጅ ስለነበረ ተመልካቹ እጁን ወደ ላይ አንስቶ እያወዛወዘ ደስታውን ገለጸ።

እናቶች፣ አባቶች፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ቤት የምናስቀምጠው ሰው እንዳይስቅበት ሰግተን፣ ስለምንወደው ነው። አውቃለሁ። እዚህ እስራኤልም ክናፋይም ሼል ክሬምቦ የሚባለው የወጣቶች ንቅናቄ ከ2002 ጀምሮ አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች በአንድ ላይ ያሰባስባል። የእኛ ልጆችም ይገባቸዋል፤ ለዚያውም አማርኛ በሚሰማ ሰው መካከል፣ አያቶቻቸው ተቀምጠው እያዩ። ተመልካች ሆናችሁ ስትመጡ ደግሞ በሐዘኔታ አታጨብጭቡላቸው። ካሳቃችሁ ሳቁ፤ ካልገባችሁ ልጆቹን ጠይቁ።

ከበዓላቱ በኋላ በዚህ አዳራሽ የድራማ ቡድን እጀምራለሁ፤ ለፑሪም በዓል እንዲደርስ አስባለሁ። ታሪኩን እኔ አልመረጥኩም፤ ልጆቹ ይመርጡታል። ወደ መድረኩ የሚያስወጣው ደረጃ ብቻ ስለሆነ ዊልቸር የሚወጣበት መንገድ እንፈልጋለን፤ እንጨት ሥራ የምትችሉ አባቶች እባካችሁ ወደ እኔ ቅረቡ። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ የሐኪሙን ወረቀት ብቻ አታምጡ። ምን እንደሚወድ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያስፈራው፣ ሲከፋው ማን እንደሚያባብለው ጻፉልኝ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ በቃል ንገሩኝ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ እዚሁ ነኝ።