እንደ እርሷ ይታደሱ ዘንድ

ክቡራን የቤተ እስራኤል ቄሶች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሻቡዓ ቶቭ፣ መልካም ሳምንት ይሁንልን።

ሰንበትን በሰላም ሸኝተናል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ወደ ግቢው ወጥተን በኤሉል ወር ጨረቃ ፊት ቂዱሽ ሌቫና፣ ስለ ጨረቃ መታደስ የሚባለውን ቡራኬ፣ እናደርሳለን። ከዚያ በፊት እንድናገር የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ነገር ብቻ ልጠቀምበት፤ ሰው እንዴት እንደሚታደስ።

ከቃሉ ልጀምር። በዕብራይስጥ ወር ሖዴሽ ይባላል፤ ሐዳሽ ደግሞ አዲስ ማለት ነው። ቄሶቻችን በሚጸልዩበት በግዕዝ ሐደሰ፣ ሐዲስ እንላለን፤ በአማርኛ አደሰ፣ አዲስ። ሥሩ አንድ ነው። የእኛ «ወር» የመጣው ከግዕዙ ወርኅ ሲሆን፣ ወርኅ ጨረቃም ወርም ነው። አንዱ ቋንቋ ጨረቃዋን ጠራ፣ ሌላው መታደሷን። ልጆቻችን በዕብራይስጥ፣ እናቶቻችን በአማርኛ ሲነጋገሩ እየተላለፉ መምጣታቸው ልቤን ያሳዝነዋል፤ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ግን ሳያውቁት አብረው ቆመዋል።

«ይህ ወር የወሮች መጀመሪያ ይሁናችሁ» የሚለውን ትእዛዝ እስራኤል የተቀበሉት ገና በግብፅ ምድር ሳሉ ነው። ባሕሩ አልተከፈለም፣ ሲና አልተደረሰም። ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጣቸው የራሳቸው ጊዜ ነበር።

ታዲያ አዲሷ ጨረቃ መወለዷ እንዴት ይታወቅ ነበር? የጥንት ሊቃውንት ሕግ በተሰበሰበበት በሚሽና ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወር ማለት ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ ቀን ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የዓይን ምስክር ነበር። በምዕራብ አድማስ ላይ እንደ ጥፍር ጫፍ የቀጠነችውን ብርሃን ያዩ ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ይገሰግሳሉ። ለዚህ ጉዳይ ሰንበትን መሻር እንኳ ተፈቅዶላቸው ነበር። መራመድ ያልቻለውን ምስክር በአህያ፣ ካልሆነም በአልጋው ተሸክመው ያመጡት ነበር። በጎንደር ገጠር ታማሚ በቃሬዛ ሲጓዝ ያያችሁ አባቶች ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት፤ ሰው በትከሻ ተሸክመውት የሚሄዱት ጨረቃ ማየቱን እንዲመሰክር ነው።

ምስክሮቹ ቤት ያዕዜቅ በተባለ ሰፊ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ መምጣትን እንዲለምዱም ድግስ ይደገስላቸዋል። የሊቃውንቱ መሪ የነበረው ረባን ጋምሊኤል በሰገነቱ ግድግዳ ላይ የጨረቃን ቅርጾች ሥሎ «ያየኸው እንዲህ ያለውን ነው ወይስ እንዲህ ያለውን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስክሮች ቃላቸው ከተያያዘ ጉዳዩ አልቋል፤ ሌሎቹ አያስፈልጉም። ቢሆንም ዳኞቹ የቀሩትንም በአጭሩ ይጠይቋቸው ነበር፤ ከሩቅ መጥተው ልባቸው አዝኖ እንዳይመለሱ። ከዚያ የሸንጎው አለቃ «መቁዳሽ» ይላል፤ ሕዝቡም «መቁዳሽ፣ መቁዳሽ» ብሎ ይመልሳል። ቅዱስ ነው፣ ቅዱስ ነው ማለታቸው ነው።

ኋላ ላይ የዓይን ምስክሩ በስሌት ተተካ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር እየተጨመረ ፋሲካ ከጸደይ እንዳይርቅ ተደረገ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ያን ግቢ እናፍቃለሁ። ጨረቃዋ በሰማይ ብትታደስም፣ አየናት የሚል ሰው እስኪመጣ አዲሱ ወር አልተቀደሰም ነበር።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሥራዬን አጣሁ። አምስት ወር ያህል ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል፤ ሰው ያየኛል ብዬ ገበያ እንኳ በምሽት ነበር የምሄደው። አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ እጄን ጎትቶ ከምኩራቡ ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ወሰደኝ። ሰዎች ቂዱሽ ሌቫና ላይ ነበሩ። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሞሮኳዊ ሽማግሌ መጽሐፋቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ የማነበውን መስመር በአውራ ጣታቸው ያዙልኝ። ዕብራይስጤ ገና ነበር። ሰዎች እርስ በርስ ሰላምታ ወደሚለዋወጡበት ክፍል ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው «ሻሎም አሌኼም»፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አሉኝ። ዝም አልኩ። ደገሙት። ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። በሦስተኛው «አሌኼም ሻሎም» ብዬ መለስኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

በማግስቱ ሥራ አላገኘሁም፤ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ግን በዚያች ሌሊት አንድ ሰው አየኝ፤ ማየቱንም በአፉ ተናገረ። እኔ በራሴ ላይ ጨለማ ብቻ ነበር የማየው።

የቂዱሽ ሌቫና ቡራኬ የመጣው ሚሽናን ከሚያብራራው ከታልሙድ ስለሆነ አባቶቻችን በኢትዮጵያ አያውቁትም ነበር። የጨረቃ በዓልን ግን በየወሩ ጠብቀዋል፤ የዓመቱን መጀመሪያም ብርሃን ሠረቀ፣ ብርሃን ወጣ፣ ብለው ሰይመውታል። ቃል ኪዳናችንን የምናድስበትን በዓል፣ ስግድንም አስቡ። በሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን ነው የሚውለው፤ ጨረቃ ከሰማይ በጠፋችበት ሰዓት ማለት ነው። ሕዝቡ ጾሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ወጥቶ ቃል ኪዳኑን የሚያድሰው ብርሃኗ ሳይታይ ነው፤ ደግሞም አብሮ ነው። እያንዳንዱ በጓዳው ቢያድሰው ኖሮ ስግድ እስከ ዛሬ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን የምናደርሰው ቡራኬ እግዚአብሔር ጨረቃን ትታደስ ዘንድ እንዳዘዛት ይናገራል፤ ከማኅፀን ጀምሮ ለተሸከማቸው የክብር አክሊል እንድትሆን፤ እነርሱም እንደ እርሷ ይታደሱ ዘንድ አላቸውና። «ይታደሱ» ነው የሚለው፤ በብዙ ቁጥር። ቀጥሎ ሰላምታው ይመጣል። ዛሬ ለምታውቁት ወዳጃችሁ ብቻ አትበሉት። ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሰው ፈልጉ። ዝም ቢላችሁ ድገሙለት፤ እስኪመልስ ጠብቁት።

ጨረቃዋ ከሕንፃዎቹ በላይ ወጥታለች። ወጣቶች፣ ለእናቶች ወንበር ያዙላቸውና እንውጣ።