ሁለቴ ተሸንፎ ሻምፒዮን፦ የኦሃዮ ስቴት የ2024 የውድድር ዘመን

[ምስል፦ ኦሃዮ ስታዲየም ከአየር ላይ]

ተራኪ፦ ኖቬምበር 30 ቀን 2024፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ከ100,000 በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ጭጭ ብሏል። ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተረታ። በዚህ ባላንጣ ሲሸነፍ በተከታታይ አራተኛ ዓመቱ ነው። ከ51 ቀን በኋላ ግን ይኸው ቡድን አትላንታ ላይ የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫ አነሳ። እንዴት?

መጀመሪያ ለጀማሪ። የምናወራው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ 10 ያርድ፣ ወደ 9 ሜትር፣ ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል። ኳሱን መጨረሻው ክልል ውስጥ ማስገባት ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ፣ ከዚያ በእግር የሚመታው 1 ይጨምራል። በቋሚዎቹ መሃል በእግር መምታት፣ ፊልድ ጎል፣ 3 ነጥብ ነው። ለዛሬ ይበቃናል።

[ምስል፦ የኦሪገን ጨዋታ፣ ሰዓቱ 10 ሰከንድ ላይ]

የመጀመሪያው ሽንፈት ኦክቶበር 12 መጣ፤ ኦሪገን 32፣ ኦሃዮ ስቴት 31። 10 ሰከንድ ሲቀር ኦሪገን በ11 ፈንታ 12 ተጫዋች ይዞ ተከላከለ። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ ነበር፤ ሙከራው የበላው 4 ሰከንድ ግን አልተመለሰም። በቀሪው 6 ሰከንድ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች፣ ዊል ሃዋርድ ራሱ ሮጦ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰዓቱ አለቀ። በቀናት ውስጥ ሰዓቱ እንዲመለስ የሚፈቅድ የደንብ ማብራሪያ ወጣ። ብልጠት ነበር፣ ግን አንዴ ብቻ የሚሠራ።

ከአንድ ነጥቧ የባሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። በዚያው ጨዋታ ጃሽ ሲመንስ ጉልበቱን ተጎዳ።

[ምስል፦ ኳርተርባኩ ፊት የሚሰለፉት አምስት ተጫዋቾች፣ በግራ ጫፍ ያለው በቀይ]

እነዚህን አምስት ግዙፎች ልብ በሉ። ኳስ አይዙም፣ ስማቸውም ብዙ አይጠራም፤ እነሱ ከተሰበሩ ግን ኳርተርባኩ ለመወርወር ጊዜ የለውም። የሲመንስ ቦታ ግራ ጫፍ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ የሚመጣበትን የማያየው በዚያ በኩል ነው። ቀጥሎ ኖቬምበር ላይ፣ መሃል ቆሞ ኳሱን ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴት ማክላፍሊን በተረከዝ ጅማት ጉዳት ከውድድሩ ወጣ። ስለዚህ ዶኖቫን ጃክሰን ከውስጥ ቦታው ወደ ግራ ጫፍ፣ ካርሰን ሂንዝማን ወደ መሃል ተዛወሩ። ግድግዳው ተጠገነ እንጂ እንደ አዲስ አልሆነም።

ሚሺጋን ጋር የተሠራው ስህተት ታዲያ ይኸው ነው። የሚሺጋን ጥንካሬ መሃል ላይ ነበር፤ ኦሃዮ ስቴት ደግሞ በተጠገነው ግድግዳ በኩል፣ እዚያው መሃል ላይ፣ ደጋግሞ በሩጫ ገባ። ጀረማያ ስሚዝና ኢሜካ ኢግቡካን የመሰሉ ተቀባዮች ከዳር ቆመው ሳለ! በዚህ ላይ ሃዋርድ ሁለት ኳስ ለተጋጣሚ ሰጠ፤ መቺው ጄይደን ፊልዲንግም ሁለት ፊልድ ጎል ሳተ። ከእረፍት በኋላ ኦሃዮ ስቴት አንድ ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም።

[ምስል፦ የ12ቱ ቡድኖች ሰንጠረዥ]

ቀድሞ በነበረው ደንብ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ለዋንጫ የሚያልፉት አራት ብቻ ነበሩና። በ2024 ግን ቁጥሩ 12 ሆነ፦ አምስት የኮንፈረንስ (ኮሌጆቹ ተከፋፍለው የሚወዳደሩበት ሊግ) ሻምፒዮኖችና በደረጃ የሚመረጡ ሰባት። ኦሃዮ ስቴት በኮሚቴው ደረጃ 6ኛ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ለሻምፒዮኖች ብቻ ስለተያዙ ግን በሰንጠረዡ 8ኛ ላይ ወረደ። የዚህ ዳፋ ያረፈው ኦሪገን ላይ ነው፤ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ በሩብ ፍጻሜው ኦሃዮ ስቴት ደረሰው። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ስላመለጠው ሦስት ሳምንት አረፈ። ይህ እንደ ቀላል አይታይም።

ዲሴምበር 21 ቴነሲ ኮሎምበስ ሲመጣ የአሠልጣኝ ራያን ዴይ ቡድን ሌላ ቡድን ሆኖ ጠበቀው። መጀመሪያ በረጅም ኳስ ተከላካዩን መበተን፣ ሩጫው ቀጥሎ። በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 21 ለ 0፣ በመጨረሻ 42 ለ 17። ጃንዋሪ 1 ኦሪገንን 34 ለ 0 እስከ መምራት ደርሶ 41 ለ 21 ረታ። ስሚዝ ብቻውን 187 ያርድ።

[ምስል፦ የቴክሳስ ጨዋታ፣ ኳሱ 1 ያርድ ላይ]

ጃንዋሪ 10 ከቴክሳስ ጋር ግን ሊያመልጥ ነበር። 21 ለ 14 እየተመራ ያለው ቴክሳስ ለታችዳውን 1 ያርድ ቀርቶታል፣ ሙከራዎቹም አሉት። በቀጥታ መግፋት ሲችል ኳሱን ወደ ጎን ወረወረ፤ 7 ያርድ ወደ ኋላ ተመለሰ። በአራተኛው ሙከራ የኦሃዮ ስቴቱ ተከላካይ ጃክ ሶየር ኳርተርባኩን ክዊን ዩወርስን ከእጁ አስጥሎ ኳሷን አፍሶ 83 ያርድ ሮጠ። 28 ለ 14። ሁለቱ ቀድሞ አንድ ክፍል የሚጋሩ የቡድን ጓደኞች ነበሩ።

[ምስል፦ አትላንታ፣ ጃንዋሪ 20]

ፍጻሜው ላይ ኖትር ዴም በ18 ሙከራ፣ 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀር፣ መጀመሪያ አገባ። ኦሃዮ ስቴት ግን 31 ለ 7 መራ። ኖትር ዴም ልዩነቱን ወደ 8 ነጥብ ሲያጠበው ሦስተኛ ሙከራ፣ 11 ያርድ የሚፈለግበት ሰዓት መጣ። አብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ ሮጦ ሰዓት ይገድላል። ሃዋርድ ግን በዳር በኩል ለስሚዝ ወረወረ፤ 56 ያርድ። ሚሺጋን ላይ የሳቱት የጄይደን ፊልዲንግ እግሮች 26 ሰከንድ ሲቀር ከ33 ያርድ አገቡ፤ 34 ለ 23።