ያገለገለ መላጊያ ዕድሜው የት ተጽፏል?

[ምስል፦ አለም ገና፣ የአናጺ ቤት ደጃፍ። ጆንያ ላይ የተዘረገፉ መጋዞች፣ መሮዎችና መላጊያዎች።]

ከአለም ገና እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ዳር ከቆራሌው የሚገዛ የአናጺ ዕቃ ሁሉ፣ ሻጩን ከጠየቃችሁት፣ «የጣሊያን ነው»። ይህ ቃል ዕድሜን አይነግራችሁም፤ ዋጋ ግን ይጨምራል። በእጃችን ያለው መላጊያ ለምሳሌ ስታንሊ የተባለው ኩባንያ አሜሪካ የሠራው ነው።

[ቅርብ ምስል፦ መላጊያው ተፈቶ።]

ክዳኑንና ምላጩን አውጡ። ምላጩ ከሚጋደምበት መደገፊያ ጀርባ ያለውን ወለል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጥቂት ነጭ ጋዝ እሹት። የብረት ብሩሽ አታስነኩት፣ የተረፈውን ጥቁር ቀለም ይገፈዋል። አቧራውና ሙጫው ሲለቅ፣ ከብረቱ ጋር አብረው የተቀዱ ሦስት የፈጠራ መብት ቀኖች ብቅ ይላሉ። ሁለቱ የ1902 ናቸው፤ ሦስተኛው ኤፕሪል 19 ቀን 1910 ይላል፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ሦስተኛው በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን 1902 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ አፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ዓመቶቹ በሁለት አኃዝ ስለተጻፉ የእነሱ 1902 ከእኛው 1902 ጋር እንዳይምታታባችሁ።

የፈጠራ መብት ቀን ግን የልደት ቀን አይደለም። ዕቃው ከዚያ ቀን ወዲህ መሠራቱን ብቻ ያሳያል። ሦስቱን ቀኖች የያዘው አካል ከ1910 እስከ 1918 ገደማ ሲቀዳ ቆይቷል (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

[ምስል፦ ምላጩ፣ ክዳኑና እጀታው ጎን ለጎን።]

አሁን ምላጩን እዩ። የልብ ቅርጽ ያለው ማኅተም አለበት፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ለነበረው ለዊልያም ሃርት ክብር የወጣ ነው። የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ መጀመሪያ ምልክት ስለሆነ ምላጩ በዕድሜ ከአካሉ ያንሳል። የክዳኑ ቀዳዳ ደግሞ የኩላሊት ቅርጽ አለው፤ እንዲህ ያለው ከ1933 በፊት አልነበረም። እጀታው ወይራ ነው፣ የዚሁ አገር አናጺ የሠራው፤ እንዲያውም ከፋብሪካው የተሻለ እጅ ይሞላል። ምላጭ በሞረድ ያልቃል፣ ክዳን ይጠፋል፣ እጀታ ይሰበራል። ስለዚህ ዕድሜ ስትጠይቁ አካሉን ጠይቁ።

ምላጩን የሚገፋው ዳዶ ነሐስ መሆን ሲገባው ብረት ከሆነስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ነሐስ ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ስታንሊ በሌላ ተክቶት ነበር። አካሉም የዚያን ጊዜ መልክ ካለው ምናልባት የጦርነት ዘመን ዕቃ ነው።

[ምስል፦ መጋዝና መሮ።]

ሌሎቹ ይቀላሉ። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል መሮ ከ1949 በፊት ሊሠራ አይችልም፤ አገሩ አልነበረማ። በሩሲያ ፊደል የሩብልና የኮፔክ ዋጋ ብረቱ ላይ ከታተመ የሶቪየት ነው። ባለ አምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ካለው ደግሞ ከ1967 ወዲህ ነው። መጋዝ እጀታ ላይ ያለው የነሐስ ቁልፍ «ዋራንትድ ሱፒሪየር» ብቻ ካለ ግን አትደሰቱ፤ ሙገሳ እንጂ የሠሪው ስም አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መላጊያውን ገልብጣችሁ ምላጩ በሚወጣበት አፍ ጥግና ጥግ ስንጥቅ ፈልጉ። ከተሰነጠቀ፣ የምኒልክ ዘመንም ቢሆን፣ በኪሎ ብረት ዋጋ ካልሆነ አትውሰዱት፤ ዳዶውና ክዳኑ ለሌላ መላጊያ ይሆናሉ።