የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «እምቢ» ያለውን ሼር ፎልደር ምን እናድርገው?

አንዲት አድማጭ ከአዳማ፦ ቢሯችን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ከገቡ ወዲህ አሮጌው ፎቶ ኮፒ ማሽን ስካኑን ወደ ሼር ፎልደር መላክ አቃተው። የጠራነው ልጅ «ኤስኤምቢ 1ን፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፎልደር የሚጋሩበትን አሮጌ ፕሮቶኮል ማብራት ነው» አለን። እናብራው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ እንዳታበሩት! ማሽኑስ ይሠራል። ግን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው በዚሁ አሮጌ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶት ነበር እኮ! ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኤስኤምቢ 1ን በአዲስ ዊንዶውስ ላይ መጫኑን ተወው። ይልቅ የማሽኑን ሴቲንግ ከፍተው ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 የሚል ካለ ይምረጡ፣ ከሌለ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የማሽኑን የውስጥ ሶፍትዌር አድሱት፤ እሱም ካልሆነ ስካኑ በኢሜይል ወይም በፍላሽ ይውጣ።

አንድ አድማጭ ከሐዋሳ፦ ቤት ያለኝ ናስ (በኔትወርክ የሚከፈት የፋይል ማስቀመጫ) ያለ ፓስወርድ ነበር የሚከፈተው። ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ካሳደግኩ በኋላ አልገባም አለ። ናሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ናስዎ ደህና ነው። በ24ኤች2 ሁለት ነገር ተቀየረ። ፕሮ ላይ እንደ እንግዳ፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ መግባት ተዘጋ፤ የሚላላኩት መልእክት ሁሉ በፊርማ እንዲረጋገጥም ግዴታ ሆነ። እንግዳ ደግሞ ፓስወርድ ስለሌለው ፊርማው የሚሰላበት ቁልፍ የለውም፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሰው ብዙ ተማሯል፣ እኔ ግን ማይክሮሶፍት እንዲያውም ዘግይቷል ባይ ነኝ። ናሱ ላይ ዩዘርና ፓስወርድ ይፍጠሩና በዚያ ይግቡ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንብ መቀየሪያ) ገብተህ ፍቀድለት» የሚሉትን ቪዲዮዎች ይለፏቸው።

አንድ ተማሪ ከባሕር ዳር፦ ሊኑክስ ላይ በኤንኤፍኤስ፣ ማለትም በኔትወርክ ፎልደር መጋሪያ ፕሮቶኮል ባገናኘሁት ፎልደር ውስጥ ሩት (ሁሉን የሚችለው ዩዘር) ሆኜ እንኳ መጻፍ አልቻልኩም። «ኖ ሩት ስኳሽ» ላድርገው?

መልስ፦ ተው! ሰርቨሩ ከሌላ ማሽን ሩት ሆኖ የመጣውን ሁሉ «ኖባዲ» ወደሚባል ተራ ዩዘር ያወርደዋል። «ኖ ሩት ስኳሽ» ይህን ያነሳዋል፤ ካነሳህለት ደግሞ፣ ፎልደሩን እንዲያገናኝ በፈቀድክለት ላፕቶፕ ላይ ሩት የሆነ ሁሉ በዚያ ፎልደር ያሻውን ያደርጋል። ይልቅ «ቻውን» በሚባለው የባለቤት መቀየሪያ ትዕዛዝ ፎልደሩን ለሚጽፈው ዩዘር ስጠው፤ የዩዘሩ መለያ ቁጥር ሁለቱም ማሽን ላይ አንድ መሆኑን ግን አረጋግጥ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በነገራችን ላይ ለፍጥነት ብለህ «ሲንክ» የሚለውን ወደ «ኤሲንክ» እንዳትቀይር። ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ማለት ይጀምራል፣ መብራት ድርግም ሲል ፋይሉ የለም።