ትልቅ ፋይል በብሉቱዝ አይላክም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬ ደዋዮቻችን ጥያቄ አብዛኛው አንድ ጉዳይ ላይ ነው። ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ያለ ኬብል እንዴት እናሻግር?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። እጅዎ ላይ ያለው ስልክና ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር እርስ በርስ ለመነጋገር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ብዙ ሰው ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ቪዲዮ ለመስጠት መጀመሪያ ሩቅ አገር ወዳለ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይል ወደሚያከማች ትልቅ ኮምፒውተር፣ ይጭናል። ያኛው ደግሞ ከዚያው መልሶ ያወርዳል። ዳታውም ጊዜውም ሁለት ጊዜ ይባክናል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ የተሻለው መንገድ እኮ ስልኩ ውስጥ አለ።

ለወንድሜ 2 ጊጋባይት ቪዲዮ በብሉቱዝ መላክ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፣ ሩቡ እንኳ አልሄደም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

ስልክዎ ደህና ነው። ብሉቱዝ ተፈጥሮው ነው። የተሠራው ለጆሮ ማዳመጫ፣ ለማውስ፣ ለኪቦርድ፣ ለትንንሽ ነገር ነው። ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው። ለፋይል መላኪያ የምንጠቀምበት ብሉቱዝ ቢበዛ በሴኮንድ 3 ሜጋቢት ነው ይባላል፤ በተግባር ግን 2 ገደማ ነው የሚያገኙት።

እዚህ ጋ ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታቱብዎት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 2 ጊጋባይት ማለት 16,000 ሜጋቢት ያህል ነው። ለ2 ሲያካፍሉት 8,000 ሴኮንድ ይመጣል። ከሁለት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። በመሃል ወንድምዎ ራቅ ብሎ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው።

በዋይፋይ ሲሆን ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ስልኮች በዋይፋይ በቀጥታ ተገናኝተው በሴኮንድ 200 ሜጋቢት ቢያገኙ፣ ያው ቪዲዮ በ80 ሴኮንድ ያልቃል። ይህ ፍጥነት ለቅርብ ጊዜ ስልኮች የሚከብድ አይደለም። መሃል ላይ ራውተር የሚባለው ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥንም አያስፈልግም። ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለው ይህን የሚያስችል አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ።

በአንድሮይድ ኩዊክ ሼር፣ በአይፎን ኤርድሮፕ የሚባሉት ሥራቸው ይኸው ነው። ብሉቱዙ አጠገብ ያለውን ስልክ ፈልጎ ያስተዋውቃል። ከተዋወቁ በኋላ ሸክሙን ዋይፋይ ይረከባል። ብሉቱዝም ዋይፋይም ይከፈት የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ይዘጋና «አልሠራ አለኝ» ይላል።

ስልክዎ ላይ «ኒርባይ ሼር» የሚል ካገኙ ግራ አይጋቡ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ነው። በ2024 ከሳምሰንጉ ኩዊክ ሼር ጋር ተቀላቅሎ «ኩዊክ ሼር» የሚለውን ስም ያዘ።

በዋይፋይ ስንላላክ ዳታዬን ይበላል?

አይበላም። ፋይሉ ከእርስዎ ስልክ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሌላው ነው የሚገባው። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። ሆትስፖት (ስልኩ ራሱ ዋይፋይ የሚያሰራጭበትን) ከፍተው ላፕቶፕ ካገናኙና የስልኩ ዳታ ክፍት ከሆነ፣ ላፕቶፑ ነፃ ኢንተርኔት ያገኘ ይመስለዋል። አፕዴቱን ማውረድ ይጀምራል። ፋይሉ ዳታዎን አልነካም፤ የበላው አፕዴቱ ነው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ዳታውን ዘግተው ሆትስፖቱን ብቻ መክፈት ይችላሉ። አይፎን ግን ዳታው ካልተከፈተ ሆትስፖት አይከፍትልዎትም፤ ስለዚህ ሆትስፖቱ ከአንድሮይዱ ቢከፈት ይሻላል።

እኔ አይፎን፣ ባለቤቴ አንድሮይድ፣ ቤት ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ሦስቱን የሚያስማማ ነገር አለ?

አለ። መጀመሪያ ግን ከማያዋጣው ልጀምር። አይፎን ለአንድሮይድ በብሉቱዝ ፋይል አይልክም። ሁለቱን ስልኮች ለማጣመር በመታገል ጊዜዎን አይጨርሱ። ኤርድሮፕም ቢሆን በአፕል መሣሪያዎች መካከል እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ጉግል ኩዊክ ሼርን ከኤርድሮፕ ጋር ማነጋገር ጀምሯል፤ የተጀመረው ግን ጉግል ራሱ በሚያወጣቸው ፒክስል 10 ስልኮች ነው። የባለቤትዎ ስልክ ይህን የሚችል ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነም ችግር የለም።

እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ቤት የምመክረው ሎካልሴንድ የሚባለውን አፕ ነው። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም። አካውንት ክፈቱ፣ ስልክ ቁጥር አስገቡ አይልም። የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ባለሙያዎች ገብተው ማየት ይችላሉ። በአንድሮይድ፣ በአይፎን፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ፋይሉንም መንገድ ላይ ያመሰጥረዋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። ያ ዋይፋይ ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለውም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አፑን በሁሉም ላይ ይጫኑ። በሚቀበለው መሣሪያ ላይ ክፍት አድርገው ይተዉት። በሚልከው ላይ ፋይሉን ይምረጡ፤ የሌላው መሣሪያ ስም ይመጣል፣ ይንኩት። ተቀባዩ «እሺ» ሲል ይሻገራል። ስሞቹ አፑ ራሱ የሚያወጣቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ ያደናግራሉ። ገብተው «የእናት ስልክ»፣ «ላፕቶፕ» ብለው ቢሰይሟቸው ሳያውቁ ለሌላ ሰው አይልኩም።

በሰው ኮምፒውተር ላይ ሆነው አፕ መጫን ካልቻሉ ደግሞ ፔርድሮፕ የሚባል ድረ ገጽ አለ። በሁለቱም መሣሪያ ብራውዘር ላይ ይከፍቱታል። ገጹን ለመክፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል። አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ግን ፋይሉ ራሱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ነው የሚሄደው።

ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ግን አይተያዩም። አፑ «ምንም መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። ሰልችቶኝ ኬብል ልገዛ ነው።

ኬብሉን ትንሽ ያቆዩት። በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ የዋይፋዩን ስም በሁለቱም ላይ ያንብቡ። በእርግጥ አንድ ናቸው? አንዳንድ ራውተር የእንግዳ የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ አለው፤ ስሙ ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። የእንግዳው ዋይፋይ ኢንተርኔት ብቻ ይሰጣል፤ ሌሎቹን መሣሪያዎች እንዲያዩ አይፈቅድም። በሆቴል፣ በካፌ፣ በትምህርት ቤት ያለ ዋይፋይም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ተጠቃሚዎች አንዱ የሌላውን መሣሪያ እንዳይነካ ሆን ተብሎ ይለያያሉ። ይህ ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ስለሆነ ጥሩ ነገር ነው። እዚያ ያሉት ከሆነ ከራውተሩ ጋር አይታገሉ። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይክፈት፣ ሌላው ይገናኘው። ከዚያ አፑን እንደገና ይክፈቱ።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ እንደ ሕዝብ ቦታ ቆጥሮ ራሱን ሊደብቅ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የተገናኙበትን ዋይፋይ ይክፈቱ። «ፐብሊክ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ይቀይሩት። ይህን የሚያደርጉት ግን በቤትዎ ዋይፋይ ወይም በራስዎ ሆትስፖት ላይ ብቻ ነው። ካፌ ውስጥ አያድርጉት። አፑን መጀመሪያ ሲከፍቱም ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒውተሩ ጠባቂ «ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሳያነቡ «አይ» ብለው ከሆነ፣ አፑ እስካሁን እንደታገደ ነው ማለት ነው። ፋየርዎሉ ውስጥ ገብተው ይፍቀዱለት።

ሦስተኛው አይፎን ነው። አይኦኤስ 14 ከሚባለው የአይፎን ሶፍትዌር ወዲህ እያንዳንዱ አፕ በዋይፋዩ ላይ ያሉ ሌሎች መሣሪያዎችን ለመፈለግ «ሎካል ኔትወርክ» የሚል ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ከከለከሉት መልሶ አይጠይቅዎትም። ሴቲንግ ውስጥ ራስዎ ማብራት አለብዎት።

ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትዎን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ክፍት ከሆነ ደግሞ ይዝጉት። መንገዱን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚወስደው አጠገቡ ያለው መሣሪያ ሊጠፋው ይችላል። እኔ ስረዳ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰው ቪፒኤን መክፈቱን ራሱ ይረሳል።

ከስልኬ ወደ ላፕቶፕ በብሉቱዝ አንዲት ሰነድ ለመላክ ስሞክር «አልተላከም» ይለኛል።

ለአንዲት ሰነድ ብሉቱዝ ይበቃል። ችግሩ ዊንዶውስ በብሉቱዝ የሚመጣን ፋይል ዝም ብሎ አለመቀበሉ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ የብሉቱዝ ምልክቱን ተጭነው «ፋይል ተቀበል» የሚለውን ይክፈቱ። መስኮቱ እየጠበቀ እያለ ከስልክዎ ይላኩ።

ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስንላላክ ይደበዝዛል። ልናሳትመው አልቻልንም።

ፎቶ አድርገው ሲልኩት መተግበሪያው ይጨምቀዋል። ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ የፎቶው ዝርዝር ይጣላል፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ማስተካከያ ቢያጎሉት ያንኑ የደበዘዘ ፎቶ ነው የሚያጎሉት። ሰዎች ዋናውን ፎቶ ሰርዘው የደበዘዘው ብቻ ሲቀራቸው ማየት ያማል።

ከሁለት አንዱን ያድርጉ። አጠገብ ካላችሁ በኩዊክ ሼር፣ በኤርድሮፕ ወይም በሎካልሴንድ ይላኩ፤ ዋናው ፋይል እንዳለ ይደርሳል። ከተራራቃችሁ ደግሞ አባሪ ሲያደርጉ «ፎቶ» የሚለውን ትተው «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» የሚለውን ይምረጡ። በሁለቱም መተግበሪያዎች እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይሄዳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ዋናው ፎቶ የተነሳበትን ቦታና ሰዓት በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ለማያውቁት ሰው ሲልኩ ይህን ያስቡበት።

ተማሪ ነኝ። ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ተቀምጬ የማላውቀው ሰው ፎቶ ሊልክልኝ ሞከረ። ስልኬ ተጠልፎ ነው?

አይዞህ፣ አልተጠለፈም። ስልክህ ለሁሉም ክፍት ስለነበር አጠገብህ ያለ ሰው ስሙን አይቶት ነው። አትቀበል፤ እስካልተቀበልክ ድረስ ፋይሉ አይገባም። ከዚያ ኩዊክ ሼር ወይም ኤርድሮፕ ውስጥ ግባና ማን እንደሚያይህ «በስልኬ የተመዘገቡ ብቻ» አድርገው። አይፎን ላይ «ሁሉም» ብትለው እንኳ አሁን የሚቆየው ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ ግን ራስህ አረጋግጥ። የስልክህ ስም ሙሉ ስምህ ከሆነም ቀይረው።

የማስተላለፊያ አፕ ስትመርጥም ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2021 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ድርጅት በሼርኢት የአንድሮይድ አፕ ላይ ከባድ ክፍተቶች ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ፋይል ለመላክ ብቻ የመጣ አፕ የስልክ ማውጫህንና የጥሪ ዝርዝርህን ሲጠይቅ ለምን በል። ቦታህን መጠየቁ ግን ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። የቆዩ አንድሮይዶች ያለ ቦታ ፈቃድ በአካባቢው ያለ ዋይፋይና ብሉቱዝ መፈለግ አይፈቅዱም ነበር። በአዲሶቹ ላይ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የሚል የራሱ ፈቃድ አለው።

ትልቅ ፊልም በስልኬ ወደ ሚሞሪ ካርዴ እየተቀበልኩ 4 ጊጋ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ካርዱ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ይመስለኛል። እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም፤ ባዶ ቦታ ቢትረፈረፍም። ፋይሉን ወደ ስልኩ የራሱ ማከማቻ ይቀበሉ። ወይም በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ ኤክስፋት ወደሚባለው አሠራር ፎርማት ያድርጉት። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል፤ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ።

ፎቶዎቼን በሙሉ በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር አሻግሬያለሁ። አሁን ከስልኬ ላጥፋቸው?

ገና ነው። መጀመሪያ የፎቶዎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን በሁለቱም ላይ ያወዳድሩ። ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ጥቂት ከፍተው ይዩ። ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻ ወስደው ያጫውቱ፤ በመሃል የተቋረጠ ቪዲዮ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ላይ ነው የሚጎድለው። አይፎን ከሆነ ፎቶዎቹ ሄክ በሚባል ዓይነት ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ኮምፒውተሩ መክፈት መቻሉን ያረጋግጡ።

ከዚያም ሌላ ቅጂ ውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ ስልኩ ላይ የሉም፣ እዚያም የሉም።

ስልክዎ ፎቶዎችን ከጉግል ፎቶ ወይም ከአይክላውድ ጋር የሚያስተሳስር ከሆነ ደግሞ ከስልኩ ሲሰርዙ ከዚያም ሊሰረዝ እንደሚችል ይወቁ። ጉግል ፎቶ ላይ «ቦታ አስለቅቅ» የሚለውን ቢጠቀሙ ከስልኩ ብቻ ነው የሚያነሳው። አይፎን ላይ የሰረዙት ፎቶ «በቅርብ የተሰረዙ» በሚለው አልበም ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ፎቶዎቹን አጥፍተው የስልኩ ቦታ አልጨምር ካለ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ያን አልበምም ባዶ ማድረግ ይኖርብዎታል።